ሂሳብ ስለከበዳት ሕክምና ይቅርባት?



ባለፈው ሳምንት ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ አባት መስጊድ በር ላይ ያዙኝ። «ኡስታዝ፣ ልጄ ከትንሽነቷ ሐኪም እሆናለሁ ስትል ኖራ አሁን ሂሳብ አቃተኝ አለች። አሥራ አንደኛ ስትገባ ማኅበራዊ ሳይንስ ልትመርጥ ነው። ልተዋት?» አሉኝ። አዳማ ውስጥ ይህን ስጠየቅ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ ከሞጆና ከባቱ የሚመጡ ወላጆችም ያነሱብኛል።

አይተዋት ባይ ነኝ።

ፍርሃቷ ይገባኛል። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2። ግን ወላጆች የሚረሱት ነገር አለ፤ ማኅበራዊ ሳይንስ የገባ ልጅም ሂሳብ ይፈተናል! ከሂሳብ ሳታመልጥ የሕክምናን በር በገዛ እጇ ዘጋች ማለት ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ፈተና ከ600 ሲሆን ሂሳብ ከዚያ ውስጥ 100 ነው። በባዮሎጂና በእንግሊዝኛ ጎበዝ የሆነች ልጅ የጎደላትን እዚያ ታካክሳለች። እርግጥ ሕክምና ለመግባት ግማሽ ማምጣት አይበቃም፤ ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም ያለ ስሌት አይሄድም። ስለዚህ ሂሳብን ተዪው አልልም።

ሐኪም አልጋ አጠገብ ቆሞ የሚያሰላው ግን ምንድን ነው? 12 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን አተኩሶታል እንበል። ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ቢታዘዝለት 180 ይሆናል። ሲረፑ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ከያዘ፣ የሚሰጠው 7.5 ሚሊ ሊትር ነው። ማባዛትና ማካፈል። ከባዱ ነገር አለመሳሳቱ ነው፤ እሱ ደግሞ በልምምድ ይመጣል።

ይህ ስሌት ለእኛ ለመድረሳ ልጆች እንግዳ አይደለም። ሰው ሚስት፣ እናትና አንድ ወንድ ልጅ ትቶ ቢሞት ለሚስት አንድ ስምንተኛ፣ ለእናት አንድ ስድስተኛ ነው። ንብረቱ ለ24 ይከፈልና 3ቱ ለሚስት፣ 4ቱ ለእናት፣ የቀረው 17 ለልጁ። እኔ ፈራኢድ ስቀራ ክፍልፋይ አልገባ ብሎኝ ስንት ቀን አልቅሻለሁ። የገባኝ ኡስታዜ ወደ ኋላ መልሰው፣ ዳቦ እየቆረሱ ከግማሽና ከሩብ ሲያስጀምሩኝ ነው። አሥረኛ ክፍል ላይ ሂሳብ አቃተኝ የሚሉ ብዙ ልጆችም ክፍተታቸው ያለው ሰባተኛና ስምንተኛ ላይ ነው፤ ክፍልፋይ፣ መቶኛ፣ ጥምርታ።

አባትየውን ቅዳሜ ልጅቱን ይዘው እንዲመጡ ነገርኳቸው። ከጀማዓው ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሊያስጠኗት ፈቃደኛ ሆነዋል። የሰባተኛ ክፍል የሂሳብ መጽሐፍም ፈልገው እንዲያመጡ አደራ ብያለሁ።