ባሕሩ የማን ነው? ምርመራውስ ለማን?

ከባሕር ነፋስና ከባሕር ውሃ ኤሌክትሪክ የማመንጨት ጉዳይ የመሐንዲሶች ብቻ እንደሆነ አድርገው የሚያቀርቡ አሉ። ማሽኑ ከመተከሉ በፊት የሚካሄደው የአካባቢ ተጽዕኖ ምርመራና የፈቃድ አሰጣጥ ግን መደባዊ ባሕርይ ያለው ጥያቄ ነው። የሚደመጠው የማን ድምፅ ነው?

ምርመራ ልማትን ያጓትታል ብለው ከነጭራሹ የሚያጣጥሉትን አንደግፍም። በፈረንሳይ የራንስ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ስፍራ፣ በባሕር ውሃ ሙላትና ጉድለት የሚሠራ 240 ሜጋ ዋት ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1966 ተመርቋል። ለግንባታው ሲባል ስፍራው ሦስት ዓመት ያህል በጊዜያዊ ግድብ ከባሕሩ ተቆርጦ በመቆየቱ፣ በውስጡ የነበረው ሕይወት ከሞላ ጎደል ጠፋ፤ አዲስ ሚዛን እስኪፈጠርም ዐሥር ዓመት ገደማ ፈጀ።

ይሁን እንጂ ይኸው ምርመራ በከበርቴው እጅ ሲገባ ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሚሆን አሜሪካ አሳይታናለች። በማሳቹሴትስ ጠረፍ 130 የነፋስ ተርባይኖች ለመትከል ኬፕ ዊንድ የተባለው ዕቅድ የቀረበው በ2001 ሲሆን፣ የፌዴራሉ መንግሥት ይሁንታ የተገኘው በ2010 ነው። ከዚያም ክስ በክስ ላይ ተደራረበ፤ በ2017 ዕቅዱ ሲተው አንድም ተርባይን አልቆመም ነበር። የተቃውሞው ዋነኛ ገንዘብ አፍሳሽ፣ በዚያው ጠረፍ የመዝናኛ ርስት ያለው ቢሊየነር ዊሊያም ኮክ ነበር። ሀብቱ ከምን የተገኘ ነው ቢሉ፣ ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ተረፈ ምርት! በርግጥ ዕቅዱን ያቀረበውም የግል ባለሀብት እንጂ የሕዝብ ድርጅት አልነበረም። የዋምፓኖአግ ነባር ሕዝቦችም ፀሐይ ስትወጣ የሚጸልዩበት አድማስ እንዳይጋረድ አቤት ብለዋል። የእነዚህን ተበዳዮች አቤቱታ ከባለቪላው ቅሬታ ጋር በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ ሥርዓት፣ ገለልተኛ ነኝ ቢልም አንቀበለውም፤ ጠበቃ የመግዛት ዐቅም ያለው ሁልጊዜ ያሸንፍበታልና።

ከኮፐንሃገን ወደብ ፊት ለፊት በሚገኘው ሚደልግሩንደን የተሠራው ከዚህ ይለያል። በ2000 የተተከሉት 20 ተርባይኖች 40 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ሲኖራቸው፣ ግማሾቹ ሲተከሉ የከተማው የኤሌክትሪክ ድርጅት፣ ግማሾቹ ደግሞ ከ8 ሺህ የሚበልጡ አባላት ያሉት የኅብረት ሥራ ማኅበር ንብረት ሆኑ። የመጀመሪያው ዕቅድ 27 ተርባይኖችን በሦስት ረድፍ የሚደረድር ነበር፤ ጉዳዩ ለሕዝብ ውይይት ከቀረበ በኋላ ቁጥሩ ተቀንሶ እንደ ቀስት በጎበጠ አንድ መስመር እንዲሆን ተደረገ። ስፍራው ለረጅም ዘመን የወደብ ደለልና ቆሻሻ ሲጣልበት የኖረ ስለነበር፣ ቁፋሮው መርዛማ ብረቶችን በውሃው ውስጥ እንዳይበትን ተመረመረ። ሰባት ተርባይን መቀነሱን እንደ ኪሳራ የሚቆጥሩ ይኖሩ ይሆናል። እኛ ግን፣ ሕዝቡ ዕቅዱን ሳያፈርስ ማረም መቻሉን እናያለን።

ባሕር ባይኖረንም ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299፣ የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ደንግጓል። በየሠፈሩና በየፋብሪካው ያሉ ማኅበራት ሪፖርቱን አንብበው የሚያስረዱ አባላትን ከወዲሁ ይምረጡ፤ ሰነዱንም ግንባታው ሳይጀመር ይጠይቁ።