ጭሱም ዋጋ አለው

አሮጌ የናፍታ ፒክአፕ የሚገዛ ነጋዴ በቦዲውና በጎማው ይከራከራል፤ ጭሱን ግን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ጥቁር ጭስ በወጉ ያልተቃጠለ ናፍታ ነው። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ከጀመረ ወዲህ ይህ ብክነት ከኪስ ይወጣል።

አዋጅ ቁጥር 681/2002 መኪና በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። ጭሱም በዓይን ግምት ሳይሆን በመሣሪያ ይለካ እላለሁ። ልኩ ግን ከፍታን ያገናዝብ። ጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል፤ በዙሪያው ባሉት የጋይንትና የእስቴ ደጋዎች አየሩ ስስ ነው። ከስማዳ እህል ጭኖ ወደ ጋይንት የሚወጣ ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ ጤነኛም ቢሆን፣ ከቆላው ይልቅ እዚያ ይጨሳል።

መኪናን በዕድሜው ብቻ ከመንገድ ማስወጣትም አያዋጣም። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ኤክሳይዝ ታክስን አክብዷል፤ ታዲያ ባለንብረቱ በምን ይተካው? ፊልትሮ መለወጥ፣ ኖዝልና ፖምፓ ማስተካከል ከመኪና ግዢ እጅግ ይረክሳል።

ስለዚህ ከቅጣቱ ጥገናው ይቅደም። በወረታ–ወልድያ መንገድ ላይ ኖዝል መፈተሻ የሚተክል ባለሀብት ደንበኛ አያጣም፤ ባንኮችም ይህን ሥራ ለብድር ይመልከቱት።