ዶሚኖው ለምን ክፍል ገባ?



ባለፈው ወር ዶሚኖ ይዤ ክፍል ስገባ አንድ አባት በር ላይ አዩኝና «መምህር፣ ልጆቹን የላክናቸው እኮ ፊደል እንዲቆጥሩ ነው፤ የሥራ ፈት ጨዋታ እንዲማሩ አይደለም» አሉኝ። እየሳቁ ነው፣ ግን የምራቸውንም ነበር። ስለዚህ መልሴን ለሁላችሁም ልጻፈው።

ዶሚኖው አሮጌ ነው፤ እዚሁ እንግሊዝ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛሁት። የጠጠሮቹ ፊት አጥንት፣ ጀርባቸው ጥቁር እንጨት ሲሆን ሁለቱን የሚያያይዛቸው መሐል ላይ ያለች ትንሽ የናስ ሚስማር ናት። ልጆቹ ገና ሲነኩት «የምን አጥንት ነው? ማን ሠራው?» ብለው ያዙኝ። የዚህኛውን ሠሪ አላውቅም። ታሪኩን ግን ነገርኳቸው፦ ዶሚኖ መጀመሪያ የቻይና ጨዋታ ነው፤ 32 ጠጠር አለው፣ ባዶ ግን የለውም። አውሮፓ ውስጥ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን ላይ ብቅ ሲል ባዶ ተጨምሮበት 28 ሆነ። በናፖሊዮን ጦርነት ጊዜ ደግሞ ፒተርቦሮ ከተማ አጠገብ፣ ኖርማን ክሮስ በሚባል በ1797 በተከፈተ የእስር ሰፈር፣ የፈረንሳይ ምርኮኞች ከምግባቸው የተረፈውን አጥንት እየቀረጹ ዶሚኖ ይሠሩና ይሸጡ ነበር። የሠሯቸው ዕቃዎች ዛሬም የከተማው ሙዚየም ውስጥ አሉ። «አጥንት»፣ «ምርኮኛ»፣ «መቅረጽ» የሚሉትን ቃላት በዚያ ቀን ማንም ሳያስጠናቸው ያዙ።

አሁን ወደ ፊደሉ ልምጣ። የዶሚኖ ጠጠር ከባዶ እስከ ስድስት፣ ሰባት ዓይነት ምልክት አለው። የእኛስ ፊደል? ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ነው! ስለዚህ ካርቶን ቆርጠን ከበ እስከ ቦ 28 ጠጠር ሠራን። ቢ ከቢ ጋር፣ ቤ ከቤ ጋር ካልገጠመ አይጣልም። ቢን እና ቤን ሲያምታቱ የነበሩ ልጆች አሁን የጓደኛቸውን ስህተት ለመያዝ ዓይናቸውን አይነቅሉም። የተላክነው ፊደል እንድናስቆጥር ከሆነ ይኸው እየቆጠርን ነው።

ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። አንድ ቅዳሜ የአንዷ ተማሪያችን አያት ከአገር ቤት መጥተው ክፍል ገቡ። ልጅቷ አማርኛ ትሰማለች፤ በስልክ ግን ለአያቷ የምትመልሰው «ደህና» ብቻ እንደነበር እናቷ ነግራኛለች። አብረው ዶሚኖ ተቀመጡ። ትንሽ እንደተጫወቱ ልጅቷ ሳታስበው «ተራህ ነው!» አለቻቸው። ሁላችንም ሳቅን፣ አያትየውም አብረው ሳቁ። በሚቀጥለው ዙር «ተራዎ ነው፣ ይጣሉ» አለች። «ጣል»፣ «ጣይ»፣ «ይጣሉ» የሚሉትን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከርሜያለሁ፤ ከአፍ ሲወጡ የሰማሁት ግን ያኔ ነው። ከዚያ በኋላማ «ቆይ»፣ «አታጭበርብሪ»፣ «አልፌያለሁ» እያሉ አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ።

እኛ ልጆቻችሁን የምናገኛቸው በሳምንት ሁለት ሰዓት ነው። ማንበብ እናስተምራለን፣ ይህን አንተውም። ማውራት ግን የሚያወራው ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ ቤት ያለው ነው። «ከዛሬ ጀምሮ በአማርኛ ብቻ» የሚለው ትእዛዝ እስከ እራት እንኳን እንደማይዘልቅ ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጅ ትእዛዝ ሲሆንበት ዝም ይላል፤ ማሸነፍ ሲፈልግ ግን ይናገራል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። በሳምንት አንድ ምሽት፣ ስልኩን ወዲያ አድርጋችሁ፣ ዶሚኖም ይሁን ካርታ ጠረጴዛው ላይ አውጡ። ጨዋታው እስኪያልቅ ቋንቋው አማርኛ ይሁን። ሲሳሳቱ እንደዚያች አያት አብራችሁ ሳቁ እንጂ አትሳቁባቸው። ትክክለኛውን ራሳችሁ ደግማችሁ በሉት፣ ይበቃል።

የካርቶኑን ዶሚኖ ለሚፈልግ ቤተሰብ በየተራ እናውሳለን፤ ቅዳሜ ስትመጡ ጠይቁን። የአጥንቱ ግን ከክፍል አይወጣም። በር ላይ ያገኙኝ አባትም ይግቡና ይጫወቱ፤ ልጃቸው እንደምታሸንፋቸው ከወዲሁ እነግራቸዋለሁ።

ከበጎ ፈቃድ መምህራችሁ