ስንቅ ይዞ ዲስኒላንድ መግባት አያሳፍርም



እንደሚታወቀው ሎስ አንጀለስ ውስጥ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቻችን «ዲስኒላንድ ውሰዱን» ማለታቸው አይቀርም። የመግቢያው ዋጋ ብቻውን ኪስ ያራቁታል፤ ምሳና መክሰስ ሲጨመርበትማ የወሩን አስቤዛ ይነካል። በዚህም የተነሳ ልጁን እያባበለ የሚያስቀር ወላጅ በዝቷል። ይህ ያሳዝነናል።

እኛ ስንቅ ቋጥራችሁ ሂዱ እንላለን። አንዳንድ ሰዎች «ፈረንጅ መሃል ቋጠሮ መፍታት ውርደት ነው፤ በር ላይም ያስጥሉናል» ይላሉ። የምን ውርደት? ፈረንጁ ራሱ ሳንድዊቹን ጠቅልሎ ነው የሚመጣው! አናሃይም ያለው ዲስኒላንድ ለራስ የሚሆን ምግብና አልኮል የሌለው መጠጥ ማስገባት ይፈቅዳል። የቶኪዮው ነው የሚከለክለው፤ እሱ ደግሞ ከኛ ሩቅ ነው።

የተከለከለው የጠርሙስ ዕቃ፣ አልኮል፣ መሞቅ የሚያስፈልገውና ሽታው የሚበረታ ምግብ ነው። እንግዲህ ዶሮ ወጡ ቤት ይቅር፤ ሽታው ከባለቤቱ ቀድሞ በሩን ያልፋል። ዳቦ፣ አምባሻ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ግን ምን ችግር አላቸው? ለጿሚማ ከዚህ የተሻለ የለም። ዓርብ ቀን እዚያ ውስጥ የጾም ምግብ ፍለጋ ከመንከራተት የሱፍ ፍትፍት በፕላስቲክ ዕቃ መያዝ ነው። ውሃም አትግዙ፤ መጠጥ የሚቀዱት የምግብ መሸጫዎች በረዶ ያለው ውሃ በኩባያ በነጻ ይሰጣሉ።

በመጪው የማኅበሩ ጉዞ የምትሄዱ፣ ስንቁን በጋራ እንድናዘጋጅ እስከ ቅዳሜ ለጽሕፈት ቤቱ አስታውቁ። እናቶች ብቻቸውን ሲጋግሩ አይደሩ፤ አባቶች፣ ቆሎ መቁላት አያቅታችሁም።