በለስን ከዘር ስለ ማብቀል

በለስ በትግራይና በኤርትራ ደጋማ አገር የሚበቅል፥ ለአጥርም፥ ለከብት መኖም፥ ለሰው ምግብም የሚያገለግል ቁልቋል ነው። የጥንት አገሩ ሜክሲኮ ሲሆን፥ ፍሬው የሚበስለው የጎተራው እህል በሚሳሳበት በክረምት ወራት ስለ ሆነ፥ ለብዙ ቤተ ሰብ የችግር ቀን መሻገሪያ ሆኖ ኖሯል።

ገበሬው በለስን የሚያባዛው ቅጠሉን ቆርጦ፥ ቁስሉ እስኪደርቅ በጥላ አቆይቶ በመትከል ነው። ዘዴው ቀላል ነው፤ ፍሬም ቶሎ ያስገኛል። ነገር ግን ከአንድ እናት የተቆረጠ ቅጠል ሁሉ የእናቱን ባሕርይ ብቻ ይዞ ስለሚያድግ፥ አንዱን የሚጎዳ ተባይ ሌላውንም አይምርም። ይህም ከንቱ ሥጋት አይደለም። ቀይ ቀለም እንዲገኝበት ተብሎ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ ትግራይ የገባው ኮቺኒል የተባለው ተባይ፥ ከታሰበለት ስፍራ አልፎ በደቡብ ትግራይ ብዙ በለስ አጥፍቷል።

ስለዚህ የችግኝ ጣቢያዎችና ትምህርት ቤቶች ጥቂት መደብ ለዘር ቢለዩ የሚገባ ነው። ሥራው ለጀማሪም አይከብድም። በሚገባ ከበሰለ ፍሬ የወጣው ዘር ሥጋው እስኪለቅ ታጥቦ ይደርቃል። ቅርፊቱ ጠንካራ ስለ ሆነ በአሸዋ ቀስ ተብሎ ይታሻል፤ አንድ ቀንም በውሃ ይዘፈዘፋል። ከዚያም አሸዋ በበዛበት፥ ውሃ በማያቁር አፈር ላይ ተዘርቶ በስሱ ይሸፈናል። መደቡ ሙቀት ያለው ይሁን፤ አፈሩ ርጥበት አይጣ፥ አይጨቅይም። ቡቃያውም ከጠራራ ፀሐይ ይጠበቅ። አንዳንዱ ዘር በጥቂት ሳምንት ሲበቅል፥ ሌላው ወራት ይፈጃልና ጀማሪው ተስፋ ቆርጦ መደቡን አይገልብጥ።

ከአንድ የበለስ ዘር ሁለት ወይም ሦስት ችግኝ ሊወጣ ይችላል፤ ከእነዚህም አንዳንዱ ከእናቱ የማይለይ ነው። ስለዚህ ልዩ ልዩ ባሕርይ የሚፈልግ ሰው ከብዙ ዓይነት በለስ ብዙ ዘር መዝራት፥ ችግኞቹንም ምልክት እያደረገ መከታተል አለበት።

ከዘር የበቀለ በለስ ለፍሬ ከቅጠሉ ይዘገያል፤ ተባይን የሚችል ችግኝ እንደሚገኝበትም አስቀድሞ ማረጋገጥ አይቻልም። ነገር ግን መምረጥ የሚቻለው የሚለያይ ነገር ሲኖር ነው። ለዘንድሮው ማጀት ቅጠሉ ይተከል፤ ለሚመጣው ክፉ ቀን ደግሞ ጥቂት ዘር ይዘራ።