«ስንተኛ ወጣህ?»

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና ሲያልቅ ልጆቻችን ካርዳቸውን ይዘው ወደ ቤት ይመጣሉ። ያን ሰሞን በየቤቱ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው። አባት ይጠይቃል፤ አክስት ትጠይቃለች፤ ጎረቤት በር ላይ አስቁማ ትጠይቃለች፤ ታክሲ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጠ የማናውቀው ሰው እንኳ የልጁን ዩኒፎርም አይቶ «ጎበዝ ተማሪ ነህ? ስንተኛ ወጣህ?» ይላል። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ግቢ ውስጥ ቆመን ሰላም ስንባባልም ያው ነው። ልጁ «ሦስተኛ» ካለ ይሳማል። «ሃያ አንደኛ» ካለ ደግሞ እናቱ ቶሎ ብላ «ታሞ ስለ ነበረ ነው» ትላለች።

በዛሬው ዓምዳችን ስለዚህ ጥያቄ እንነጋገር። ጥያቄው ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ልጃችን የቀኑን ትልቁን ክፍል የሚያሳልፍበትን ቦታ የምናውቀው በዚህች አንዲት ቁጥር ብቻ ከሆነ ግን ትልቅ ነገር ያመልጠናል።

ቁጥሯ ራሷ ምን እንደምትል እንመልከት። ደረጃ የሚነግረን ልጃችን ከክፍል ጓደኞቹ አንጻር የት እንደ ቆመ እንጂ ምን እንደሚያውቅ አይደለም። ሃያ አምስት ልጆች ባሉበት ክፍል አምስተኛ መውጣትና ስልሳ ልጆች ባሉበት ክፍል አምስተኛ መውጣት አንድ አይደለም። አማካይ ውጤቷ 91 የሆነ ልጅ አሥራ አንደኛ ልትወጣ ትችላለች፤ በሌላ ትምህርት ቤት ደግሞ በ78 አንደኛ የሚወጣ ይኖራል። ክፍሉ በሙሉ ጎበዝ ቢሆን እንኳ አንድ ልጅ የግድ መጨረሻ ይወጣል። ያ ልጅ ያን ዕለት ካርዱን ቦርሳው ውስጥ ከቶ ወደ ቤቱ እንዴት እንደሚሄድ አስቡት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ባልና ሚስት ሊያማክሩን ወደ ቤታችን መጡ። በስልክ የነገሩን ከቤታቸው ሰላም እንደ ጠፋ ነበር። ሻይ ቀርቦ ነገሩ ሲገለጥ ግን የጠቡ መነሻ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጃቸው ሆኖ ተገኘ። እናት «ልጁ ማንበብ አይችልም» ትላለች። አባት ደግሞ «ከአርባ ልጅ ስድስተኛ የወጣ ልጅ እንዴት ማንበብ አይችልም? እኔ ለፍቼ የምከፍለውን ገንዘብ ከንቱ ታደርጊብኛለሽ» ይላል። በዚህ ነገር አንድ ዓመት ያህል ተነታርከዋል። ካርዱ ላይ የሚፈርመው አባት ነው፤ ማታ ማታ ደብተሩን የምታየው እናት ናት። ሁለቱም የሚናገሩት በዓይናቸው ያዩትን ነበር።

ልጁም አብሯቸው መጥቶ ነበር። ባለቤቴ ልጁንና አባቱን ይዞ ወደ በረንዳ ወጣና የአማርኛ መጽሐፉን እንዲያነብለት ጠየቀው። ልጁ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ሳይደናቀፍ ተወጣው። የአባትየው ፊት በራ። ከዚያ ባለቤቴ ገጹ መካከል ባለች አንዲት ቃል ላይ ጣቱን አሳርፎ «ይህቺስ ምን ትላለች?» አለው። ልጁ ዝም አለ። ቆይቶ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከላይ ጀምሮ በልቡ ይቆጥር ጀመር፤ ቃሏ ጋ እስኪደርስ። ለካስ ምንባቡን በሙሉ በቃሉ ይዞታል። አባት ከበረንዳው ሲመለስ አንድም ነገር አልተናገረም፤ ሄዶ ሚስቱ አጠገብ ተቀመጠ።

ታዲያ ልጁ እንዴት ስድስተኛ ወጣ? ፈተናው የሚወጣው መምህሩ ሰሌዳ ላይ ከሚጽፈው አጭር ማስታወሻ ነው። አስጠኚው ደግሞ ማታ ማታ ጥያቄውንና መልሱን በቃል ያስይዘዋል። ያን ሁሉ በቃሉ የያዘ ልጅ ሰነፍ አይባልም፤ እንዲያውም የሚደንቅ አእምሮ ነው ያለው። ግን ሁሉም የሚያነብ መስሎት ነበርና እርሱ ብቻ የማያነብ መሆኑን እየደበቀ ሁለት ዓመት ኖሯል። የስምንት ዓመት ልጅ ይህን ብቻውን ተሸክሞት ነበር። እኔን እስከ ዛሬ የሚያሳዝነኝ ይኼ ነው።

ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 በአገራችን በስድስት ቋንቋዎች የንባብ ምዘና ተካሂዶ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል 34 በመቶ የሚሆኑት ለክፍላቸው ከተዘጋጀው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ልብ በሉ፣ እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት የገቡ፣ ዩኒፎርም የለበሱ፣ ጠዋት ተሰልፈው መዝሙር የሚዘምሩ ልጆች ናቸው። ከዚያ በኋላ የታችኛው ክፍል የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት በሰባት ቋንቋዎች እንደ አዲስ ተዘጋጅተዋል። መጽሐፉ መሻሻሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን መጽሐፍ ልጁን ቁጭ ብሎ አይሰማውም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች በተከታታይ ምዘና እየተረዱ እንዲያልፉ እንጂ እንዲወድቁ አላደረገም። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ የሰባት ዓመት ሕፃን ወደቅህ መባል የለበትም። ግን ምዘናው በተግባር ካልተሠራ ልጁ ሳያነብ አራተኛ ክፍል ይደርሳል። አራተኛ ክፍል ደግሞ ማንም ፊደል አያስቆጥርም፤ ሳይንሱም ሒሳቡም «አንብበህ መልስ» ይላል። ዛሬ አንደኛ ደረጃ የሚባለው እስከ ስድስተኛ ክፍል ያለው ነው። ያኔ ነው ብዙ ወላጅ ደንግጦ አስጠኚ ፍለጋ የሚሮጠው።

የአማርኛ ንባብ ቀላል ነው የሚሉ አሉ። ፊደሉ እንደ ተጻፈ ይነበባል ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ግን ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ቅርጽ ነው፤ አንድ ሕፃን ይህን ሁሉ በዓይኑ መለየት አለበት። ቅርጹን ከለየ በኋላም ሥራው አላለቀም። «ገና» የሚለውን ቃል ውሰዱ። ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው፤ ላልቶ ሲነበብ «ገና አልመጣም» የምንለው ነው። «አለ» ጠብቆ ሲነበብ መኖርን ያመለክታል፤ ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ነው። የትኛው እንደ ሆነ ፊደሉ አይነግረንም። ልጁ የሚያነበውን ነገር ካልተረዳ በትክክል ሊያነበው አይችልም። ስለዚህ ማንበብና መረዳት በእኛ ቋንቋ ገና ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ የተጋቡ ናቸው።

መምህራንን ለመውቀስ አይደለም ይህን ሁሉ የምለው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው እንበል፤ በክፍሉ ውስጥ ደግሞ 50 ልጆች አሉ። መምህሯ ስም ሳትጠራ፣ ሰሌዳ ሳታጠፋ፣ የሚረብሽ ሳታስቆም፣ ጊዜውን በሙሉ ልጆቹን በየተራ ብታስነብብ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 48 ሰከንድ ነው። ይህንንም ማንም መምህር ሊያደርገው አይችልም። እቤት ውስጥ አሥር ደቂቃ አጠገቡ ብትቀመጡ ግን ከዚያ አሥራ ሁለት እጥፍ ሰጣችሁት ማለት ነው። ክፍያውም ምንም።

አሥር ደቂቃዋ እንዲህ ትሁን። ስልካችሁን አርቁት፤ ቴሌቪዥኑም ይጥፋ። ልጁ ዛሬ የተማረውን ገጽ ሳይሆን ያልተማረውን ይክፈት። ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመካከልም አስነብቡት። ሲሳሳት ቶሎ አትንጠቁት፤ ራሱ እስኪመለስ እስከ አምስት ቁጠሩ። ከዚያ መጽሐፉን ዘግታችሁ «እስቲ ንገረኝ፣ ምን ይላል?» በሉት። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ ግሩም አድርጎ አንብቦ፣ ምን ይላል ሲባል የሚጨነቅ ትልቅ ሰው አይቻለሁ። እንዲህ ያለው ነገር የሚጀምረው ከታች ነው።

«እኔ አልተማርኩም፤ በምን አቅሜ ላስጠና?» የምትሉ እናቶች አላችሁ። ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እናቶቻችንና አያቶቻችን ቤት ሥራቸውን ጨርሰው፣ ሕፃን አዝለው፣ ማታ ፊደል ቆጥረዋል። አንዳንዶቹን ያስጠኗቸው የገዛ ልጆቻቸው ነበሩ። ዛሬም ቢሆን ማንበብ የማትችል እናት መስማት ትችላለች። ልጇ ሲንተባተብ ትሰማዋለች፤ ታሪኩ ትርጉም ሲያጣ ታውቀዋለች። «ምን ይላል?» ብሎ ለመጠየቅ ደግሞ ዲፕሎማ አያስፈልግም። ልጅም እናቱን የሚያስተምር ሲመስለው ይበልጥ ይተጋል።

ለወንድሞቼ አንድ ቃል ልበል። ባሎች ሆይ፣ አትቀየሙኝ። በብዙ ቤት አባት ትምህርት ቤቱን የሚያውቀው በሁለት ነገር ነው፤ ክፍያ ሲደርስና «ወላጅ አምጣ» ሲባል። ሁለቱም ደስ አይሉም። እኛ ልጆች ሳለን «ወላጅ አምጣ» መባል ከዱላ ይከብድ ነበር፤ ዛሬም ብዙ አባት የትምህርት ቤት በር ላይ ሲቆም ራሱ የተጠራ ተማሪ ይመስላል። ማታ ልጁ በአባቱ ጭን አጠገብ ሆኖ ሲያነብ የሚያገኘው ነገር ግን እናት ልትተካው የምትችለው አይደለም። በየቀኑ ባይሆን በሳምንት ሁለት ቀን ይሁን። ሁለታችሁ ልጁን በየበኩላችሁ ከሰማችሁት ስለ ልጁ ስትነጋገሩ የምታወሩት ስለ አንድ ልጅ ይሆናል፤ እነዚያ ባልና ሚስት ግን ለአንድ ዓመት ያህል ስለ ሁለት ልጆች ነበር የሚከራከሩት።

ንባብ ብቻም አይደለም። የልጅ ትምህርት ቤት ሕይወት ከክፍል ውጭም አለ። ደወል ሲደወል ከማን ጋር ይሮጣል? ምሳ ዕቃውን ከፍቶ ብቻውን ይበላል ወይስ ጓደኞቹ ጋር ያቀርባል? በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቁርስና ምሳ መቅረብ ከጀመረ ወዲህ የብዙ እናት ጭንቀት ቀሏል፤ በባዶ ሆድ ፊደል አይገባምና። «ዛሬ ምን ተማርክ?» ብትሉት መልሱ «ምንም» ነው፤ ይህን የማያውቅ ወላጅ የለም። «ዛሬ አጠገብህ ማን ተቀመጠ? ማን አሳቀህ? መምህርት የተቆጣችው ማንን ነው?» ብላችሁ ሞክሩት። ከእራት በፊት አያልቅም።

በነገራችን ላይ ቤተ ክርስቲያናችንም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደለችም። በልጆች አገልግሎት ጥቅስ በቃሉ ያለ ልጅ ይጨበጨብለታል፤ ከረሜላም ይሰጠዋል። መልካም ነው፤ በቃል ማጥናት የአባቶቻችን ሀብት ነው። ግን የሕፃናት አስተማሪዎቻችን መጽሐፍ ቅዱሱን ከፍቶ ቦታውን የሚያገኝና የሚያነብ ልጅ ማን እንደ ሆነ፣ ከጓደኛው አፍ እየተከተለ የሚል ልጅ ማን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባቸዋል። ካወቁም በሕዝብ ፊት ሳይሆን ለወላጁ ለብቻው ይንገሩ።

የዚያ ልጅ ነገር እንዴት ሆነ ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። አስጠኚው በቃል ማስያዙን ተወ፤ ወላጆቹ ተራ ገቡ። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ከስድስተኛ ወደ አሥራ አራተኛ ወረደ። አባቱ ካርዱን ፈርሞ ለመምህሩ የምስጋና ወረቀት አብሮ ላከ፤ መምህሩ ግራ ሳይገባው አልቀረም። ልጁ በክረምቱ የሱቆችን ስም በታክሲ መስኮት እያነበበ ሰው ሲያሰለች ነበር።

እንግዲህ በዚህ መንፈቀ ዓመት የወላጆች ቀን ሲጠራ፣ ከተቻለ ባልና ሚስት አብራችሁ ሂዱ። አንዳችሁ ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ዘወትር የማይሄደው ይሂድ። ከመምህሯ ጋር የምታገኙት አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ በኋላችሁ የተሰለፈ ወላጅ አለ። ስለ ደረጃው ካርዱ ነግሯችኋል፤ እርሷን «ያላየውን ገጽ ያነባል? ያልገባውን ይጠይቃል? ከማን ጋር ይጫወታል?» ብላችሁ ጠይቋት። እናንተም እቤት ያያችሁትን ንገሯት፤ እርሷም የማታውቀው ነገር አለ። የወላጅ መምህራን ኅብረት ስብሰባ ሲኖርም ወሬው ስለ አጥርና ስለ መዋጮ ብቻ እንዳያልቅ፣ ስለ ንባብ የሚጠይቅ አንድ ሰው ይኑር። ጊዜ ካጣችሁ በልጁ ኮሙኒኬሽን ደብተር ላይ ሁለት መስመር ጻፉላት፦ «ልጃችን ቃላትን ከመካከል ሲጠየቅ ይቸገራል። እርስዎስ ምን አስተዋሉ?» ብዙዎቹ መምህራን በማግስቱ ይመልሳሉ።