ኳንተምን ለአክስቴ ማን ነገራት?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። አርሴናል ቀጥሎ ከማን ጋር ይጫወታል? ታውቃላችሁ። የትኛው ካፌ በትልቅ ስክሪን እንደሚያሳየውም ታውቃላችሁ። አሁን ሁለተኛው ጥያቄ፦ በሚቀጥለው ሳምንት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች የፊዚክስ ሴሚናር የት አለ? ማን ያቀርባል? ስለ ምን? በስንት ሰዓት?

ዝም አላችሁ አይደል? አትፈሩ፣ እኔም አላውቅም። ጋዜጠኝነት ተመርቄ፣ መረጃ ማነፍነፍ እንጀራዬ ሆኖ፣ አላውቅም።

"ታዲያ ምን ይጠበስ?" ትሉኝ ይሆናል። የሚጠበሰውን ለማሳየት የአክስቴን ታሪክ ልንገራችሁ።

አክስቴ ጡረታ የወጣች የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ጉልበቷን ያማታል። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ አንድ የሰፈር ልጅ ቡና ተጠርቶ መጣና "ኳንተም ኢነርጂ" የሚባል የአንገት ጌጥ ከኪሱ አወጣ። ጥቁር፣ ክብ፣ ለመጠኑ ከበድ ያለ ነገር ነው። ልጁ ሦስቱ ሲኒ እስኪያልቅ ድረስ ገለጻ አደረገ። በአማርኛ። በትዕግሥት። አክስቴ የጠየቀችውን ሁሉ መለሰላት። ብርጭቆ ውኃ አስመጥቶ ጌጡን ነከረና "እስቲ ቅመሽው እትዬ፣ አልጣፈጠም?" አላት። እትዬ የሦስት ወር ጡረታዋን ቆጥራ ሰጠችው።

"ኳንተም" የሚለው ቃል እኛ ቤት የገባው በዚህ መንገድ ነው።

ቃሉ ግን የተከበረ ቃል ነው። ማክስ ፕላንክ እ.ኤ.አ. በ1900፣ አልበርት አንስታይን ደግሞ በ1905 ያነሱት ሐሳብ ነው። ነገሩ ሲቀል እንዲህ ነው፦ ሱቅ ሄዳችሁ እንጀራ የምትገዙት በቁጥር ነው። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት። "አንድ ከሩብ ስጠኝ" ብትሉት ባለሱቁ ይስቅባችኋል። ብርሃንና አቶምም ኃይል ሲሰጣጡ እንደዚሁ በቁጥር ነው፤ ከአንዷ ቁራሽ በታች የለም። ይቺ ቁራሽ ናት ኳንተም ማለት። የስልካችሁ ቺፕ፣ የኤልኢዲ አምፖላችሁ፣ የሱፐርማርኬቱ ባርኮድ ማንበቢያ ሌዘር ሁሉ የዚህ ዕውቀት ልጆች ናቸው። የአክስቴን ጉልበት ግን አያድንም። ውኃም አያጣፍጥም።

ይህችን አንድ አንቀጽ አክስቴ ከሻጩ በፊት ሰምታት ቢሆን ኖሮ ጡረታዋ ኪሷ ውስጥ ይቀር ነበር።

ነገሩ በገንዘብ ብቻ ቢያልቅ ደግሞ ጥሩ ነበር። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2021) የኔዘርላንድ የኑክሌር ደኅንነትና የጨረር መከላከያ ባለሥልጣን "ኳንተም" እና "ፀረ 5ጂ" እየተባሉ የሚሸጡ አሥር ምርቶችን መርምሮ ሬዲዮአክቲቭ ሆነው አግኝቷቸዋል። የአንገት ጌጥ አለበት፣ የእጅ አምባር አለበት፣ ሲተኙ ዓይን ላይ የሚታሰር ጨርቅ ሳይቀር አለበት። "አታድርጉት፣ ያላችሁም ለይታችሁ አስቀምጡት" አለ። የሚያወጡት ጨረር ኤክስሬይ ቤት ባለሙያው ከግድግዳ ጀርባ ሄዶ ከሚሸሸገው ጨረር ወገን ነው፦ ከአቶም ላይ ኤሌክትሮን መንጥቆ የሚያወጣ፣ ለረጅም ጊዜ ከሰውነት ጋር ተጣብቆ ሲውል ጉዳት ሊያመጣ የሚችል።

እኔ ይህን ያነበብኩት አክስቴ ጌጡን ለስምንት ወር ሌት ተቀን ካሰረችው በኋላ ነው።

የእሷ ጌጥ ከእነዚያ ዓይነት ነው ወይስ ተራ ጠጠር? ይህን የሚመልሰው የጨረር መለኪያ ብቻ ነው። ፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪውን የሚሠራ አንድ ጓደኛዬን አማከርኩት። "ኧረ እንዲያውም ዛሬ ከሰዓት ሴሚናር አለ" ብሎ የማስታወቂያውን ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። አንድ ገጽ ወረቀት፣ በእንግሊዝኛ፣ የትምህርት ክፍሉ ኮሪደር ውስጥ ያለች ሰሌዳ ላይ ያን ዕለት ጠዋት የተለጠፈ። ርዕሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? በአፈር ውስጥ የሚገኝ የተፈጥሮ ጨረር እንዴት እንደሚለካ! የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም፤ አንዱን ጠርቼ ሌላውን ነፃ ማውጣት አልፈልግም።

አክስቴን ይዤ፣ ጌጡን በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ከትቼ፣ በሚኒባስ ደረስን። በሩ ላይ ጥበቃው አስቆመን።

"የማን እንግዳ ናችሁ?"

"ሴሚናር ልንሰማ ነው።"

"የግቢው ተማሪ ነሽ እህቴ?"

"አይደለሁም፤ ግን ለሁሉም ክፍት ነው መሰለኝ።"

"ደብዳቤ ይዛችኋል?"

አክስቴ ጣልቃ ገባች። "ልጄ፣ እኔ ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ። ትምህርት ለመስማት ደብዳቤ ሲጠየቅ ግን ዛሬ ገና አየሁ።"

ጥበቃው አፈረ። "እናቴ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው።" እውነቱን ነው። የሱ ጥፋት አይደለም። ሴሚናር እንዳለ ለሱም የነገረው የለም።

ተመለስን። ማታ ጓደኛዬ ሲደውልልኝ "ስንት ሰው ነበር?" ብዬ ጠየቅኩት። "ዘጠኝ። አራታችን ፈርሙ ስለተባልን ነው የገባነው" አለኝ። ስልሳ ወንበር ባለው አዳራሽ ዘጠኝ ሰው! ጨረር መለካት የሚችለው ሰው ውስጥ ለባዶ ወንበር ሲያስረዳ፣ የሚለካ ነገር በቆርቆሮ የያዘችው ሴትዮ በር ላይ ቆማ ነበር።

ሁለቱን አነጻጽሩልኝ። አታላዩ ቤት ድረስ ይመጣል፣ በቋንቋችሁ ያወራል፣ ጥያቄ አይሰለቸውም። ምሁሩ ደግሞ ኮሪደር ውስጥ ይለጥፋል፣ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ በሩ ላይ ደብዳቤ ያስጠይቃል። ከዚያ በኋላ "ሕዝባችን ሳይንስ አይወድም" ብለን እናማርራለን። የእኔ ክርክር ባጭሩ ይኸው ነው፦ ሕዝብ በማያውቀው ሰዓት፣ ሕዝብ በማይገባበት በር፣ በሕዝብ ገንዘብ የሚካሄድ ሴሚናር የሕዝብን አደራ አልተወጣም።

አውቃለሁ፣ መልስ አላችሁ። አንድ በአንድ እንየው።

"ሴሚናር እኮ ለባለሙያ ነው፣ ተራ ሰው አይገባውም።" ግማሹ እውነት ነው። ቀመር በቀመር የሆነ፣ ለአምስት ተመራማሪ ብቻ የሚሆን ሴሚናር አለ፤ ይኑርም። ግን "ይህ ለባለሙያ ነው፣ ይህ ለሁሉም ነው" ብሎ ማስታወቂያው ላይ መጻፍ ምን ያህል ቀለም ይፈጃል? ደግሞስ ማን እንደሚገባው አስቀድሞ የሚያውቅ ማነው? ማይክል ፋራዴይ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ፣ የመጽሐፍ ጠራዥ ተለማማጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1812 አንድ ደንበኛ ትኬት ሰጠውና ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን የሃምፍሪ ዴቪን ገለጻ ሰማ። የሰማውን ጽፎ፣ ራሱ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። በዓመቱ ረዳቱ አድርጎ ቀጠረው። ይህ ጠራዥ ነው በ1831 ማግኔትን በማንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ማመንጨት እንደሚቻል ያሳየው። የህዳሴ ግድብ ጄኔሬተሮች የሚዞሩት በዚሁ መርህ ነው። እዚያው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ውስጥ ከ1825 ጀምሮ ለወጣቶች የገና ገለጻ ይሰጣል፤ ፋራዴይ ራሱ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አቅርቧል። ያን ቀን በር ላይ "ደብዳቤ ይዘሃል?" ቢባል ኖሮስ?

"የጸጥታ ጉዳይ ነው።" ሞል ስንገባ እንፈተሻለን፣ እንገባለን። ስታዲየም ስንገባ እንፈተሻለን፣ እንገባለን። ፍተሻና ክልከላ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስም የሚመዘገብበት አንድ ወረቀትና ለጥበቃው የሚነገር አንድ ቃል ይበቃል።

"ቢጋበዝም ሰው አይመጣም።" ይህን የሚል ሰው ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እኛ ሰፈር አልነበረም። ያን ዕለት ጨረቃ ፀሐይን ጋርዳ ላሊበላ ላይ የብርሃን ቀለበት ስትሠራ፣ አዲስ አበባ ላይ በከፊል ታይቷል። ሰፈራችን ሽማግሌ ከሕፃን ውጭ ወጥቶ ሽቅብ ያንጋጥጥ ነበር። ግን ግማሹ የያዘው አሮጌ የኤክስሬይ ፊልም ነበር፤ እሱ ደግሞ ዓይንን አይከላከልም። ጉጉቱ ነበረ፣ አስተማሪው አልነበረም። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 2027) ደግሞ ሌላ ግርዶሽ አለ። በግብጽ፣ በሳዑዲና በየመን በኩል ሙሉ በሙሉ ይጨልማል፤ ጅዳ ያለችው እህታችሁ ቀን በቀን ኮከብ ልታይ ትችላለች። እዚህ በከፊል ይታያል። የዚህን ሴሚናር ማስታወቂያ የዚያን ዕለት ጠዋት ኮሪደር ላይ ልናገኘው ነው?

መምህራኑ ሕዝብ ይንቃሉ እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተማሩት ዶ/ር ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስረዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር ለሰብአዊ መብት፣ ለሐሳብ ነፃነትና ለትምህርት ላደረጉት ተጋድሎ የአንድሬ ሳካሮቭን ሽልማት ሰጥቷቸዋል። ከስንቶቻችን ጋር ተዋውቀው ያውቃሉ? ዕውቀትም ድፍረትም ያለው ሰው አጥተን አይደለም። ያጣነው በራቸውን የሚያሳየን ሰው ነው።

የእኔ ሙያም ከተጠያቂነት አያመልጥም። ሥራ የጀመርኩበት ቦታ ስለ አንድ የፊዚክስ ገለጻ ዜና ልሥራ ብዬ ስጠይቅ አለቃዬ "ፊዚክስ? ማን ሊያነብልሽ?" ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ። ዛሬ የሚያሳፍረኝ የሱ ሳቅ ሳይሆን የእኔ ነው። የተባበሩት መንግሥታት 2025ን ዓለም አቀፍ የኳንተም ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዓመት ብሎ አውጆ ነበር። ስንቶቻችን ጋዜጠኞች በዚያ ሰበብ አንድ መምህር ፊት ማይክ ዘረጋን? ሜዳውን ለጌጥ ሻጩ የለቀቅነው እኛም ነን።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው፣ ሕንፃ አልጠየቅኩም።

አንድ ገጽ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወጣ፣ የሚቀጥለውን ሳምንት የፊዚክስ ሴሚናርና ገለጻ የሚዘረዝር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ኮተቤ፣ ማልዶ ለሚነሳ ደግሞ አዳማ፣ ሁሉም በአንድ ላይ። የቴሌግራም ቻናል ይበቃዋል። ከእንግሊዝኛው ርዕስ ሥር ሁለት መስመር በአማርኛ፣ ሁለት መስመር በአፋን ኦሮሞ። "ለሁሉም ክፍት" ወይም "ለባለሙያ" የሚል ምልክት። ለጥበቃ ክፍሉ አንድ ኮፒ። ከሴሚናሩ መጨረሻ ላይ አሥር ደቂቃ ለውጭ ሰው ጥያቄ። የዚህ ሁሉ ወጪ ከአንድ የምርቃት ባነር አይበልጥም።

ትምህርት ክፍሎቹ "ሰው የለንም" ካሉ እኔ አለሁ። ማስታወቂያውን ይላኩልኝ፤ ሁለቱን የአማርኛ መስመር እጽፋለሁ፣ ገጹንም በየቅዳሜው በነፃ አወጣለሁ። እናንተም አትቅሩ። የፊዚክስ ተማሪ ጓደኛ ያላችሁ ዛሬ ደውላችሁ "በሚቀጥለው ሳምንት ምን አለ?" በሉት። ካለ ሂዱ፣ መታወቂያ ያዙ፣ በሩ ላይ ከከለከሏችሁ ማን እንደከለከለና ለምን እንደሆነ ጠይቁ። አንድ ሰው ሲጠይቅ ይመለሳል፤ በየሳምንቱ አርባ ሰው ሲጠይቅ በሩን የሚያዝዘው ሰው መልስ መፈለግ ይጀምራል።

ቆርቆሮው አሁንም ከጓሮ፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ ተቀምጧል። ማንም አልለካውም። አክስቴ በመጣሁ ቁጥር "ቀጣዩ ሴሚናር መቼ ነው አሉ?" ትለኛለች። ለሠላሳ አራት ዓመት የሌላውን ልጅ ጥያቄ ስትመልስ ለኖረች ሴት፣ ይህን አንድ ጥያቄ ሊመልስላት የሚገባ የትምህርት ክፍል በዚህ ከተማ መጥፋት የለበትም።